ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ የሚቀረው ሥራ፦ ወገቡን የታመመ ሯጭ ሚዛኑንና የመገጣጠሚያ ስሜቱን እንዴት ይመልስ?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና እንጦጦ ላይ የሚሠሩ ብዙ ሯጮች የወገብ ሕመማቸውን የሚለኩት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ዛሬ ያመኛል ወይስ አያመኝም? ሲቀንስላቸው ወደ ጫካው ይመለሳሉ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ እግራቸው ወለም ይላል፣ ወይም ወገቡ ያገረሻል፤ ከዚያ ጫማ ይቀየራል፣ አሰልጣኝ ይወቀሳል። ጫማ የሚያመጣው ችግር አለ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሌላ ነው፦ ለወራት የታመመ ወገብ የት እንዳለና ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎል በትክክል መንገር ያቅተዋል። ይህ ችሎታ ሕመሙ ስለሄደ ብቻ ተመልሶ አይመጣም።

መመሪያው ወገባቸውን ከ12 ሳምንት በላይ ላመማቸውና አሁን ቢያንስ ያለ ችግር መራመድ ለሚችሉ ነው። ትናንት ለጀመረው ሕመም አይደለም።

ምን እንደተበላሸ፣ ባጭሩ

ከአከርካሪ አጥንት ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ጥልቅ ጡንቻ (መልቲፊደስ ይባላል) መሳሳብንና መኮማተርን ለአንጎል በሚያሳውቁ ጥቃቅን የነርቭ መቀበያዎች የተሞላ ነው። ሕመም ሲቆይ ይህ ጡንቻ ይሳሳል፣ በመካከሉም ስብ ይገባል። ሆድን ዙሪያውን የሚይዘው ጥልቁ የሆድ ጡንቻ ደግሞ ጤነኛ ሰው ክንዱን ከማንሳቱ በፊት ቀድሞ ይጠብቃል፤ ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ ግን ይዘገያል። ከወገብ የሚመጣው መረጃ ሲደበዝዝ አንጎል በዓይንና በቁርጭምጭሚት ላይ ይደገፋል።

ቀን ቀን፣ ደልዳላ አስፋልት ላይ ጉድለቱ አይታወቅም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በባሕር ዛፍ ሥር መካከል ሲሮጥ ግን ጨለማው ዓይንን፣ ሥሩና ድንጋዩ ቁርጭምጭሚትን ከጨዋታ ያወጣሉ። የቀረው ወገብ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ነው።

መጀመር የሌለበት ማን ነው?

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ልምምዱን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

- በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ እግር ከቀን ወደ ቀን እየዛለ መሄድ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።
- ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ሥልጠናው ሳይጨምር የሚቀንስ ክብደት፣ ተኝታችሁም የማይተዋችሁ ሕመም። የቲቢ ባክቴሪያ አከርካሪንም ያጠቃል፤ ሳል ላይኖር ይችላል። ሱሉልታ የወተት አገር ስለሆነ ይህንንም ልጨምር፦ ያልፈላ ወተት የምትጠጡ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ወገብ ላይ ይወጣል።
- ዕድሜው በአሥራዎቹ ያለ ሯጭ ወደ ኋላ ሲለጠጥ አንድ ቦታ ላይ ጠቅ አድርጎ የሚያመው ከሆነ። የአከርካሪ አጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይጀምር።
- የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ሯጭ። አጥንቷ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ከወገብ በታች ያለው ሕመምም የጡንቻ ላይሆን ይችላል። አፍራ የምትተወው ነገር አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ሜትር፣ ጠመኔ ወይም ፕላስተር፣ ስልክ፣ ደብተር፣ የመጥረጊያ እንጨት፣ ሁለት እጥፍ የሚሆን ስፖንጅ ወይም ቀጭን ፍራሽ፣ እና አንድ ሰው። ያለ ሰው ቆማችሁ የዓይን መጨፈን ልምምድ አትሥሩ። ቦታው የሲሚንቶ ወለል ይሁን፤ ግድግዳ በክንድ ርቀት ይኑር። ትልቁን የጂም ኳስ ለጊዜው እርሱት፤ ለቪዲዮ ያምራል እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታው የመጨረሻ ነው።

ሰዓቱን በጥንቃቄ ምረጡ። ከእንቅልፍ በተነሣችሁ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ወገብ የሚያጥፍ ምንም ነገር አትሥሩ፤ ሌሊት የአከርካሪ ዲስኮች ውሃ ስለሚቋጥሩ ያን ጊዜ መታጠፍ ይከብዳቸዋል። ከኢንተርቫል ወይም ከረጅም ሩጫ በኋላም አይሆንም፤ የደከመ ጡንቻ ጤነኛውም ቢሆን ይሳሳታል። ዲክሎፌናክ የዋጣችሁ ቀን አትለኩ። ለብዙዎቹ የሚመቸው ከሰዓት በኋላ፣ ከቀላሉ ሩጫ በፊት ነው።

## ደረጃ 1፦ ለኩ

ይህን ደረጃ መዝለል የተለመደ ነው፤ የሚዘልለው ሰው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ተሻለው ወይስ አልተሻለውም ብሎ መፍረድ አይችልም። ሦስቱንም በባዶ እግር፣ በአንድ ቀን ሥሩ።

1. በአንድ እግር መቆም

እጃችሁን ዳሌ ላይ አድርጉ። አንዱን እግር አንሡ፤ የቆማችሁበትን እግር እንዳይነካ። መጀመሪያ ዓይን ገልጣችሁ 30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ጨፍናችሁ። እጅ ከዳሌ ሲለቅ፣ የቆማችሁበት እግር ከቦታው ሲነቃነቅ፣ የተነሣው እግር ሌላውን ሲነካ ወይም ዓይን ሲከፈት ቆጠራው ይቆማል። ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ ሥሩና የተሻለውን ጻፉ።

ዓይን ጨፍኖ 30 ሰከንድ መቆም ለጤነኛ ወጣትም ቀላል አይደለም፤ 8 ሰከንድ ላይ ብትወድቁ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት፣ እንዲሁም ዓይን ሲጨፈን የሚወርደውን መጠን። ዓይን ገልጦ እንደ ሐውልት የቆመ ሰው ሲጨፍን ወዲያው ከወደቀ ሲመራው የነበረው ዓይኑ ነው።

2. በሦስት አቅጣጫ መዘርጋት

ወለሉ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሦስት መስመሮች በጠመኔ አስምሩ፦ አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ግራና ቀኝ። በሁለቱ የኋላ መስመሮች መካከል 90 ዲግሪ፣ ከፊተኛው እስከ እያንዳንዱ የኋላ መስመር 135 ዲግሪ ይሁን። ነጥቡ ላይ በአንድ እግር ቁሙ፤ በሌላው እግር ጣት የቻላችሁትን ያህል ርቃችሁ መስመሩን በቀስታ ነክታችሁ ተመለሱ። ክብደታችሁን በሚዘረጋው እግር ላይ ካሳረፋችሁ ወይም የቆማችሁበት ተረከዝ ከተነሣ አይቆጠርም። ከመለካት በፊት በየአቅጣጫው አራት ጊዜ ተለማመዱ፤ አለበለዚያ የምትለኩት መልመዳችሁን ይሆናል።

ተኝታችሁ የእግራችሁን ርዝመት አስለኩ፤ ከዳሌ ፊት ለፊት ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት። ሦስቱን ርቀቶች ደምሩ፣ ለእግር ርዝመት ሦስት እጥፍ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። እግሩ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 60፣ 100 እና 95 ከደረሰ ድምሩ 255 ነው፤ ለ270 ሲካፈል ከመቶ 94 ገደማ ይሆናል። ወደ ፊት በሚዘረጋው ላይ በሁለቱ እግሮች መካከል ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ በደብተሩ ላይ አስምሩበት፤ ደካማው ጎን በኋላ አንድ ዙር ይጨመርለታል።

3. ወገብ የት እንዳለ ማወቅ

በሦስቱ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፣ የሚበላሸውም ይኸው ነው። መደገፊያ በሌለው መቀመጫ ላይ ጉልበታችሁ 90 ዲግሪ እንዲሆን ተቀመጡ። ዝቅተኛ በርጩማ አይሆንም፤ ገና ሳትጀምሩ ወገባችሁን ያጎብጠዋል። በስልካችሁ ላይ ያለውን ውሃ ልክ ክፈቱና ስልኩን ከጎድን አጥንት በታች ጀርባችሁ ላይ በሻርፕ አጥብቃችሁ እሰሩት። ቁጥሩን የሚያየው አብሯችሁ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ዓይን ጨፍኑ። ሰውየው «ቁም» እስኪላችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ያስቁማችሁ። አምስት ሰከንድ ቆዩና ቦታውን አጥኑት። ቀና በሉ። አሁን ያለ ምንም እርዳታ ወደዚያው ቦታ ተመለሱና «እዚህ» በሉ። ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ በየመካከሉ ሰውየው ውጤቱን አይንገራችሁ። ዒላማው 20 ሆኖ 24፣ 17 እና 25 ካገኛችሁ ስሕተቶቹ 4፣ 3 እና 5 ናቸው፤ ከዒላማው ማለፉን ወይም ማነሱን ሳትለዩ የስሕተቶቹን አማካይ ያዙ፤ 4 ዲግሪ።

*ቁጥሩ በጣም ከተዘበራረቀ፦* መጀመሪያ ስልኩ ተንሸራቶ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ እግራችሁ ወለሉን እየገፋ እንዳልነበረ አረጋግጡ። ሰው በእግር ግፊት ልኩን መስረቁ ያለ ነው፤ ይህ ራሱ ቁርጭምጭሚት የወገብን ሥራ እየሠራ መሆኑን ያሳያል።

## ደረጃ 2፦ ተኝቶ፣ ጥልቁን ጡንቻ መቀስቀስ

በጀርባ ተኙ፣ ጉልበት አጥፉ። ሁለት ጣቶቻችሁን ከዳሌ ፊት አጥንት ወደ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ አሳርፉ። ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ ሳቡ። ጣቶቻችሁ ሥር ቀስ ብሎ የሚወጠር ነገር መሰማት አለበት። 10 ሰከንድ ያዙ፣ እየተነፈሳችሁ። 10 ጊዜ።

- *ጣቶቻችሁ ወደ ላይ ከተገፉ፦* ከመጠን በላይ ጨምቃችኋል፤ የሚሠራው የውጭው ጡንቻ ነው። ኃይሉን በግማሽ ቀንሱ። ሯጭ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ጠንክሮ መሥራት ስለለመደ።
- *ትንፋሽ ከተያዘ፦* አቁሙ፣ ሁለት ጊዜ ተንፍሱ፣ ወደ ውጭ ስታወጡ ጀምሩ።
- *ምንም ካልተሰማችሁ፦* በጎን ተኝታችሁ ሞክሩት።

ቀጥሎ በዚያው አተኛኘት ዳሌን በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች አንከባልሉ፤ ወገቡ ወለሉን ሲነካ፣ ሲለቅ። ሁለቱን ጫፎች ካገኛችሁ በኋላ መካከሉን ፈልጉና እዚያ ቁሙ። ዓይን ጨፍናችሁ ደጋግማችሁ ወደዚያው መካከል ተመለሱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከላይ በስልክ የለካችሁትን ስሜት የሚያሠለጥነው ይኸው ነው። በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት።

## ደረጃ 3፦ በእጅና በጉልበት

ተንበርክካችሁ እጃችሁን መሬት ላይ አድርጉ። የመጥረጊያውን እንጨት በጀርባችሁ ላይ በቁመት አስቀምጡ፤ ጭንቅላትን፣ የትከሻን መካከልና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት ይንካ። ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርጉ፣ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ቀይሩ። በየጎኑ ስድስት ጊዜ። እንጨቱ ከሦስቱ ነጥቦች አንዱን ከለቀቀ ወይም ከወደቀ ያ ድግግሞሽ አይቆጠርም።

ዳሌ ወደ ጎን ከተጠማዘዘ እጁን ተዉት፤ እግሩን ብቻ፣ ጣቱ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ዘርጉ። ያም ከበዛ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

በጎን ደግሞ በክርናችሁ ተደግፋችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዳሌን አንሡ፤ 10 ሰከንድ፣ በየጎኑ አምስት ጊዜ። ከአንድ ደቂቃ በላይ መያዝ ለዚህ ዓላማ የሚጨምረው የለም፤ ውድድር አይደለም።

## ደረጃ 4፦ መቆም

አንድ ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ዓይን ጨፍኖ፣ በአንድ እግር፣ ስፖንጅ ላይ በመጀመሪያው ቀን የወጣ ሰው የሚማረው መውደቅን ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ሁለት እግር ገጥሞ፣ ዓይን ጨፍኖ።
2. የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አድርጎ፣ ዓይን ገልጦ፤ ቀጥሎ ጨፍኖ።
3. በአንድ እግር፣ ዓይን ገልጦ።
4. በአንድ እግር፣ ራስን ቀስ እያሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ።
5. በአንድ እግር፣ ዓይን ጨፍኖ።
6. ሁለት እግር ገጥሞ ስፖንጅ ላይ፣ ዓይን ገልጦ፤ ቀጥሎ ጨፍኖ።
7. በአንድ እግር ስፖንጅ ላይ፣ ዓይን ገልጦ።

በየተራው ሦስት ጊዜ 30 ሰከንድ፤ ተራ ቁጥር 5 ላይ ሦስት ጊዜ 15 ሰከንድ ይበቃል። በተከታታይ በሁለት ልምምድ ያለ ስሕተት ከሠራችሁት ወደሚቀጥለው እለፉ። በደረጃ 1 ደካማ ሆኖ ለተገኘው እግር አንድ ዙር ጨምሩ። በሳምንት አራት ቀን ሥሩ።

ስፖንጁ ለምን መጨረሻ ላይ መጣ? ለስላሳ ነገር ላይ ቁርጭምጭሚት የሚልከው መረጃ አያስተማምንም፤ አንጎል የግድ ወገቡን ማዳመጥ ይጀምራል። ለዚህ ነው ትልቁ ጥቅም እዚያ ያለው። ነገር ግን ወገቡ ገና መናገር ካልጀመረ አንጎል የሚያዳምጠው የለም፤ ሰውነቱን ሁሉ አደርቆ ይቆማል። ደርቆ መቆም ሚዛን አይደለም።

- *የእግር ጣቶች ወለሉን ከቧጠጡ፦* ጣቶቻችሁን አንሥታችሁ እንደገና አሳርፉ፣ ጉልበትን ጥቂት አላሉ፣ የዳሌን መካከል ፈልጉ።
- *ትከሻና መንገጭላ ከተወጠሩ፦* ድምፅ አውጥታችሁ ከ100 ወደ ኋላ ቁጠሩ። መናገር የማይችል ሰው ትንፋሹን ይዟል።
- *ዓይን ሲጨፈን የራስ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ፦* ጉዳዩ የወገብ ላይሆን ይችላል፤ አቁሙና ጆሯችሁን ተመርመሩ።

## ደረጃ 5፦ ወደ መንገድ

በአንድ እግር ወደ ፊት አጭር ዝላይ ዘላችሁ አርፋችሁ ሦስት ሰከንድ ሳትነቃነቁ መቆም ከቻላችሁ ሩጫውን በተለመደው ኪሎ ሜትር ግማሽ ጀምሩ። ያለ ሕግ የሚጣደፉት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ብርሃን፣ መሬት፣ ፍጥነትና ዳገት አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ። በአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ ጨምሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት በብርሃን፣ በደልዳላ መሬት፣ በዝግታ ሩጡ። ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ከሆነ መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ፤ ያዘነበለው የመንገድ ጠርዝ ላይ ሁሌ በአንድ ጎን መሮጥም ዳሌን ያጣምማል፣ ስለዚህ ደህና ሜዳ ካለ እሱ ይሻላል። በሁለተኛው ሳምንት የሱሉልታ ሣር። ከዚያ ኮረኮንች። ከዚያ ጫካ፣ ግን ነግቶ። ቁልቁለትና ጨለማ መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ሁለቱን ደግሞ በአንድ ቀን አታገናኙ። በክረምት ጭቃ ሲሆን አንድ ተራ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የሚያዳልጥ መሬት እንደ አዲስ መሬት ይቆጠራል።

በሰርቪስ ለአንድ ሰዓት ጎብጣችሁ ከመጣችሁ ወርዳችሁ ወዲያው አትሩጡ። 10 ደቂቃ ተራመዱ፣ የዳሌን መካከል ቆማችሁ ጥቂት ጊዜ ፈልጉ፣ በየእግሩ አንድ ጊዜ 30 ሰከንድ ቁሙ። ቡድኑ ሲሄድ ብቻ መቅረት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዋዜማው «ኮች፣ ነገ ከቡድኑ ኋላ በራሴ ፓይስ እሠራለሁ፣ ጫካ የምገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብላችሁ ንገሩት። በደብተር የተያዘ ቁጥር ካሳያችሁት አብዛኛው አሰልጣኝ ይሰማል።

## ሕመሙ ቢነሣስ?

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት፤ በልምምድ ወቅት እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ቀጥሉ። ከ3 ካለፈ ወይም በማግስቱ ጨምሮ ካደረ አንድ ደረጃ ውረዱ፣ ሦስት ቀን እዚያው ቆዩ። ሕመሙ ወደ እግር ከጉልበት በታች መውረድ ከጀመረ አቁሙና ታዩ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አያሽልም፤ አጫጭር እርምጃ ይሻላል።

የወገብ ቀበቶ አትግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ለዘለቀ የወገብ ሕመም ልምምድንና ትምህርትን ሲመክር ቀበቶን አልመከረም። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገብን «ቀጭ» ማስደረግም በተለይ የአጥንት ስንጥቅ ወይም የአከርካሪ ቲቢ ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ማሳጅ ያዝናናል፣ አልከለክልም፤ የቦታ ስሜትን ግን እሱ አይመልስም። ይህንንም እወቁ፦ ሚዛን ሲመለስ ሕመሙ የግድ በዚያው ልክ አይቀንስም። ሁለቱን በደብተሩ ላይ ለየብቻ ያዙ።

በስድስተኛው ሳምንት ደረጃ 1ን እንደገና ሥሩ፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወለል፣ በዚያው ሰው። የዲግሪው ስሕተት ወርዶ የመቆሚያው ሰከንድ ካልጨመረ ችግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ሊሆን ስለሚችል የድሮ ወለምታችሁን አስመርምሩ። ሰከንዱ ጨምሮ ዲግሪው ካልወረደ ወገቡን አልፋችሁ በእግር ነው የሠራችሁት፤ ደረጃ 2ን ለሁለት ሳምንት ድገሙ። ሁለቱም ካልተነቃነቁ ደብተሩን ይዛችሁ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂዱ፤ ከምርመራው በፊት ሦስቱን ልኬቶች እንዲያይ ስጡት።